ማስተካከያ፦ የበለጤ ጌራ ጫካ ቡናና የደን ምንጣሮ

«በጅማ ዞን በለጤ ጌራ ቡና ያለበት ደን ሁሉ ተጠብቋል፤ ምንጣሮውም በ1.7 በመቶ ቀንሷል» ተብሎ የተሰራጨው መረጃ ይታረም።

እ.ኤ.አ. የ2005ና የ2010 የሳተላይት መረጃ ያነጻጸረው ጥናት የምንጣሮ መቀነስ ያየው የጥላ ቡና (በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና) ምስክር ወረቀት ባገኘው ደን ላይ ብቻ ነው። ቡና እያለው ምስክር ወረቀት የሌለው ደን፣ ቡና ከሌለው ደን ጋር ሲተያይ በስታቲስቲክስ የሚቆጠር ልዩነት የለውም። ምስክር ወረቀቱ የታሰበው ጥላ ዛፉን ላቆየ አርሶ አደር የተሻለ ዋጋ ለማስገኘት ነው፤ ይህን መዝለል የጥናቱን ዋና ነገር መጣል ነው።

ቁጥሩም 1.7 የመቶኛ ነጥብ ነው፦ ከ1,000 የደን ቦታዎች 17 ያህሉ ከምንጣሮ ተረፉ እንደማለት። ከነባሩ ምንጣሮ ላይ 1.7 በመቶ ብቻ ቢቀነስ ውጤቱ ኢምንት በሆነ ነበር።