የተረጂዎች ዝርዝር ሲወጣ ዕድሩ የት ነበር?

ወረዳዎቻችን በየሪፖርታቸው «ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት ድህነትን ለመቀነስ» የሠሩትን ያነሳሉ። ቅንጅት የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያለቀ ዕቅድ በአዳራሽ ተነቦ፣ አስተያየት ተሰጥቶበት፣ ሻይ ተጠጥቶ የሚበተን ስብሰባ ነው። በእኔ እምነት ቅንጅት መኖሩ የሚታወቀው የተጠቃሚዎች ዝርዝር በሚዘጋጅበት ዕለት ማን ተቀምጦ እንደነበር ሲጠየቅ ነው።

ጥያቄው በአዲስ አበባ ዳርቻ ይከብዳል። በቦሌ አራብሳም ሆነ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ከሚኖረው ብዙው፣ ዕድሩንና በዱቤ የሚሰጠውን ባለሱቅ መሀል ከተማ ትቶ የመጣ ነው። ልብስ እያጠበች ልጆቿን ታሳድግ የነበረች እናት ወደ ቀድሞ ደንበኞቿ ልመላለስ ብትል የትራንስፖርቱ ሒሳብ ገቢዋን ይበላባታል። ወረዳው እንዲመዘግባት መታወቂያ፣ ለመታወቂያው ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ያስፈልጋታል፤ መሸኛውን ለማምጣት ደግሞ ሥራ ፈትታ መዋል አለባት። በዚህ ሁኔታ ይበልጥ የተቸገረው ሰው ከመዝገብ ውጭ ቢቀር አይገርምም።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር 450 ሚሊዮን ዶላር የተያዘለት ሲሆን፣ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ ቀሪው ከመንግሥት ነበር። መሥራት የሚችሉት በጽዳትና በአረንጓዴ ልማት ተሰማርተው እንዲከፈላቸው፣ አቅመ ደካሞች ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ፣ በምልመላውም የአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሳተፍ መደረጉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤት ከጎረቤቱ ገና ባልተዋወቀበት ሰፈር መልማዩ ኮሚቴ የሚያውቀው ቅርቡ የሆነውን ሰው ብቻ እንዳይሆን ያሰጋል።

የቀድሞው ዕድር መሀል ከተማ ቢቀርም፣ በአዲሱ ሰፈር የሚቋቋመው ዕድር ግን ያውቃል። በገንዘብ ያዡ ደብተር ከስሙ ትይዩ ያለው የመዋጮ ሣጥን ወር በወር ባዶ እየሆነ የሄደ አባወራ፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ ወረዳም ሳያጣራ በፊት ችግሩ እዚያ ተጽፏል። (እርግጥ ነው፣ የመግቢያ ክፍያ ያቃተው ጭራሹን አባል አይሆንም፤ ለእርሱ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ መጠየቅ አለባቸው። መሬታቸው ለልማት የተወሰደባቸው የአካባቢው አርሶ አደሮችም የራሳቸው ዕድር አላቸውና ሊዘነጉ አይገባም።) ስለዚህ የዕድር ተወካዮች በምልመላው ድምፅ ይኑራቸው፤ ዝርዝሩም ከመጽደቁ በፊት በዕድሩ ስብሰባ ይነበብ።

ከምልመላ በኋላ ያለው ሥራም ተመሳሳይ ነው። እንጀራ ለመጋገር የተደራጁ ሴቶች የመሥሪያ ቦታ፣ ምጣዶቹን የሚችል የኤሌክትሪክ መስመርና የመነሻ ብድር ይፈልጋሉ፤ ሦስቱ የሚገኙት ከወረዳው፣ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱና ከብድርና ቁጠባ ተቋሙ፣ ማለትም ከሦስት ቢሮ ነው። ቦታው ተሰጥቶ መስመሩ ከዘገየ፣ ብድሩ መመለሻው ደርሶ ምጣዱ ሳይሰማ ማኅበሩ ይፈርሳል። ሦስቱም ግዴታቸውንና ቀነ ገደባቸውን በአንድ ሰነድ ይፈርሙ፤ የዕድሩም ተወካይ አራተኛ ፈራሚ ሆኖ አንዱን ቅጂ ይያዝ።