በባትሪ የሚሠራ አይዞህ

ጀርመን ውስጥ፣ ራይን ወንዝ ዳር ካለችው ዛንክት ጎዋርስሃውዘን ወደ ሎረላይ አለት አናት የሚወጣ መንገድ አለ። አለቱ ከወንዙ በላይ 132 ሜትር ነው። ከእንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ይህ ዳገት አይባልም፤ ድንኳንና የሳምንት ልብስ በጫነ ብስክሌት ላይ ግን ይባላል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ስታገል ከኋላዬ ደወል ተደወለ። ሰባ አምስትን የተሻገሩ የሚመስሉ ሴትዮ፣ ፀጉራቸው እንደተሠራ፣ ከንፈራቸው እንደተቀባ፣ አንዲት የላብ ጠብታ ሳትታይባቸው በጎኔ አለፉ። ማለፋቸውስ ባልከፋ። ዞር ብለው፣ በዚያ በጀርመን አክብሮት፣ «አይዞዎት! ትንሽ ነው የቀረዎት!» አሉኝ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነበር የያዙት።

ሰው እንዳይታዘበኝ፣ በሞተሩ ላይ ቂም የለኝም። ጉልበቱ የከዳው ሰው ቤት ተቀምጦ ከሚውል ራይንን ቢያይ ምን ገዶኝ። ሕጉም ልክ አበጅቶለታል፤ የሞተሩ ኃይል 250 ዋት ነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን ያቆማል። ገበያውም ፈርዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ጀርመን ውስጥ ከተሸጡት አዳዲስ ብስክሌቶች ከግማሽ በላይ ባለሞተር ነበሩ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባትሪው ወፍራሙ ብረት ውስጥ ስለሚሸጎጥ፣ ከሩቅ ላየን ሁለታችንም እኩል የምንገፋ እንመስላለን። በሞተር የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ ይለፍ፤ ስለ ጽናት አይምከረኝ!

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም»። ለምን ብቻህን ትጓዛለህ ለሚሉኝ ሁሉ የምመዘው እሱን ነው። አባቶቻችን ሲተርቱት ለሽሙጥ ነበር፤ እኔ የጉዞ መመሪያ አድርጌዋለሁ። በቡድን የተጓዘ ያውቀዋል፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ሽንት ቤት፣ አንዱ ፎቶ ሲል ፀሐይ ትዘቀዝቃለች። ማታ ደግሞ የሒሳብ ክፍፍሉ አለ፤ ቢራ ያልጠጣው ሰው ፊት ይጠቁራል። ብቻዬን ስሆን ግን ቢራውንም የጠጣሁት እኔ፣ ፊቴን ያጠቆርኩትም እኔ።

ተረቱ በትክክል የሠራለት ሰው የብስክሌት ፈልሳፊው ካርል ድራይስ ነው። ጁን 12 ቀን 1817 እ.ኤ.አ.፣ ከዚሁ ወንዝ ዳር፣ ከማንሃይም ተነስቶ ሁለት ጎማ ባለው የእንጨት ማሽኑ ላይ ተቀመጠና ወደ ሽቬትሲንገን በሚወስደው መንገድ ተፈተለከ። ፔዳል የለውም፤ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ነው የሄደው። የሚቀድመው ቀርቶ የሚከተለው ሌላ ብስክሌት በዓለም ላይ አልነበረም። ከኋላው ደወል ደውሎ አይዞህ የሚለው ሰው ያልነበረበት ያ ቀን እንዴት ያስቀናል!

የጉዞው መከራ ሌላ ነው እንጂ ብቸኝነቱ አይደለም። ለምሳሌ ከማይንስ እስከ ኮብሌንዝ ድረስ ወንዙን የሚሻገር ድልድይ የለም፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሙሉ ያለው ጀልባ ነው። ስለዚህ ደህና ምግብ ቤት ሁልጊዜ ከማዶ ነው። ጀልባው ደግሞ ሲመሽ ይቆማል። እሁድ ከሆነ ከማዶም ከወዲህም ሱቅ ዝግ ነው። የእሁድ ዕረፍት ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ የገባ ጉዳይ ነው፤ ከ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት ወርሰውት ነው። እኛ ረቡዕና ዓርብን ጾመን እሁድን የምንበላ ሰዎች ነን፤ እዚህ መንደር ውስጥ ደርሼ የተቆለፈ ዳቦ ቤት መስታወት ላይ ግንባሬን አስደግፌ ስቆም ግን የቀን አቆጣጠሩ ይምታታብኛል። በዚህ ላይ የባቡር ሐዲዱ በወንዙ ግራና ቀኝ ስለሆነ፣ በባዶ ሆድ የተኛ ሰው ሌሊቱን የዕቃ ባቡር ሲቆጥር ያድራል።

የሚያየኝ ሐበሻ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቀኝም። «ምነው፣ መኪናህ ተበላሸ እንዴ?» ነው። አልተበላሸም ስል ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ሥራ ለቀቅክ?» ይላል። እናቴ በስልክ ወሬውን የሰማች ዕለት ዝም ብላ ቆየችና «እዚህስ ሳይክል ጠፍቶ ነው?» አለች። መልስ የለኝም።

ጀርመኖቹ ደግሞ ስለ ሳንባዬ ነው የሚያወሩት። ከየት ነህ ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ፤ ወዲያው ደረቴን ያዩታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ብስክሌተኛው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ውድድር 3 መድረኮችን አሸንፎ የነጥብ መሪ የሚለብሰውን አረንጓዴውን ማሊያ ከወሰደ ወዲህማ ባሰ፤ ጥብቅ ያለ የብስክሌት ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ሁሉ «ቢኒ!» እያለ ያልፈኛል። ቢንያም ኤርትራዊ ነው ብዬ ሳስረዳ «ጎረቤት አይደላችሁ?» ይሉኛል። ቤልጂጋዊ ባሸነፈ ቁጥር ጀርመኑን ማን እንኳን ደስ ያለህ ብሎት ያውቃል? ከሆነ አይቀር ጸጋቡ ግርማይን ቢጠሩልኝ ምን ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እሱን የሚያነሳ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን የድንኳን ሰፈሩ ፈላስፋ ነው። ማታ ማታ ጋዝ ምድጃው ላይ ፓስታውን እያማሰለ «ፕሮግራም አላወጣም፣ ነገ የት እንደማድር አላውቅም፤ ነፃነት ማለት ይኸው ነው፤ ሁሉም ሰው እንዲህ መኖር ይችል ነበር እኮ፣ ድፍረት አጥቶ ነው» ይለኛል። ድፍረት!

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው፤ በብስክሌት ሥራ የሚገባባት፣ በብስክሌት ገበያ የሚወጣባት ከተማ ናት። ራይንን አብሮኝ ሊነዳ ፈለገ። ብቻዬን እወዳለሁ ያልኩትን ለሱ ስል አነሳሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቆንስላ ዘንድ የቪዛ ማመልከቻ አስገባ። የየሌሊቱን የሆቴል ማረጋገጫ አምጣ ተባለ። ልጁ የዋህ ነው፤ «በመሸበት እናድራለን» አላቸው። በእኛ አገር ይህ በቂ መልስ ነው፤ የመሸበት እንግዳ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ሲያሰማ «ቤት ለእንግዳ» ነው የሚባለው። ጀርመን ውስጥ ግን መሽቶብኛል ብሎ ሜዳ ላይ ድንኳን መትከል በአብዛኛው ክልክል ነው፤ መስኮት ላይ ላለችው ሠራተኛ ደግሞ መሽቶብኛል የሚባል ሰነድ የለም።

ሆቴሉን ያዝንለት። የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ ኢንሹራንስ ገዛ። ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ የሆነውን የማመልከቻ ክፍያ ከፈለ፤ ቢከለከልም አይመለስም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ፣ መንግሥታችሁ ስደተኛ ለመመለስ አልተባበረም ብሎ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ስላስረዘመው፣ ሐምሌን ጠበቀ፣ ነሐሴን ጠበቀ። የመጣው ወረቀት፣ ቪዛው ከማለቁ በፊት ከአባል አገሮቹ ለመውጣት ስለ መፈለግህ ጥርጣሬ አለን ይላል። እስቲ ልጠይቅ፤ ሊጠፋ የፈለገ ሰው፣ በየሌሊቱ የሚያድርበትን አድራሻ አስመዝግቦ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ነገር ነው የሚጠፋው?

የፓስታው ፈላስፋ ይህን ስነግረው «ምነው በእሥራኤል በኩል፣ በቱርክ በኩል አይሞክርም? መንገድ አይጠፋም» አለኝ። ፓስታውን በላ። ቀዩ የአውሮፓ ፓስፖርቱ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ እዚያው ተሸጉጦ፣ ሳይታይ፣ በየድንበሩ ሲገፋው የከረመ ፓስፖርት። የድፍረት ምክሩን ሳላስጨርሰው ወደ ድንኳኔ ገባሁ። በእኛ ባህል ነውር ነው፤ አውቃለሁ።

ስለ ደወሉ ነበር የጀመርኩት። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ አለቱ አናት ላይ ስደርስ ከባለቤታቸው ጋር ቡና ይጠጡ ነበር፣ ወንበርም ስበውልኛል። ቡናውን ጠጣሁ። ስለ ሳንባዬም ተነጋገርን። ምን ላድርግ፤ ጉልበቴ አልቆ ነበር።

አሁን ኮብሌንዝ ደርሻለሁ። ነገ ወደ ኮሎኝ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ትንበያው ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው ይላል፤ ፊት ለፊት ማለት ነው።