ማስተካከያ፦ ድጋሚ ድምፅ መስጠትና ትይዩ ቆጠራ ይለያያሉ

ሰሞኑን በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ሳቢያን በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተው ጽሑፍ፣ በምርጫው ዕለት ድሬዎች ከምርጫ ጣቢያ እንደወጡ በጎ ፈቃደኞች በተከሉት ድንኳን ገብተው፣ ይፋው ውጤት እንዲመሳከር ድጋሚ ድምፅ ይስጡ፣ «ፊሊፒንስም በ1986 ያደረገችው ይህንኑ ነው» ይላል። አይደለም።

በፊሊፒንስ ናምፍሬል የተባለው የዜጎች ማኅበር ሁለተኛ ምርጫ አላካሄደም። የየጣቢያውን የውጤት ቅጽ ቅጂ ሰብስቦ ለብቻው ደመረ፤ ትይዩ ቆጠራ የሚባለው ይህ ነው። የምርጫ ኮሚሽኑ ድምር ሥልጣን ላይ የነበሩትን ፕሬዝዳንት ማርኮስን፣ የናምፍሬል ደግሞ ተቀናቃኛቸውን ኮራዞን አኪኖን ሲያስቀድም ጉዱ አደባባይ ወጣ።

ድጋሚ ድምፅ ማሰጠት በአሜሪካ አንዳንድ ቦታ ተሞክሯል። ግን መጋላ ሰፈር ላይ ጎረቤት እያየው ማን ድንኳን ይገባል? ከገባው የሸሸው ከበዛ ቁጥሩ ምንም አይመዝንም።

በእኛ አገር ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ይከናወናል፣ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ሥራው ያንን ወረቀት በጥንቃቄ ፎቶ ማንሳት ነው፦ የጣቢያው ስም፣ ፊርማዎቹ፣ የዋጋ አልባው ድምፅ ቁጥር ሳይቀር እንዲነበብ። ቆጠራ ስለሚያመሽ የስልክ ባትሪ አትርሱ። ጣቢያ ውስጥ ገብቶ ለመታዘብ ግን የምርጫ ቦርድ ፈቃድ ግድ ነው።

«ሁሉም ጣቢያ ካልተሸፈነ ዋጋ የለውም» የሚለውም ልክ አይደለም። ጋና ውስጥ በ2008 የአገር ውስጥ ታዛቢዎች ትይዩ ቆጠራውን በናሙና ጣቢያዎች ብቻ ሠርተዋል፤ ያውም ለጥቂት በተለያየ ምርጫ። ናሙናው ግን በዕጣ ይውጣ። ለባጃጅ የሚመቸውን ከተማ ለቅሞ የገጠር ቀበሌዎችን መዝለል ራስን ማታለል ነው።

ለድንኳን መዋጮ የጀመራችሁ አቁሙት።