ማስተካከያ፦ ሁለቱ ዦዜፎች አንድ ልጅ አይደሉም

ባለፈው የካናዳዋ ኩቤክ ፈረንሳዮችን የዘር ሐረግ ስለ መፈለግ ስጽፍ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ «ዦዜፍ» የሚል ስም ሁለቴ ካገኛችሁ ጸሐፊው ደግሞ የመዘገበው ነው፣ አንዱን ሰርዙት ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሰምቶኝ የሰረዘ ካለ ይመልሰው፤ ያጠፋው አንድ ሕፃን ሊሆን ይችላል።

አሥር አሥራ አምስት ልጅ በሚወለድበት ቤት የሞተው ልጅ ስም ለተከታዩ መሰጠቱ የተለመደ ነበር። በዚያ ላይ ካቶሊኮቹ ብዙ ጊዜ ወንዱን ዦዜፍ፣ ሴቷን ማሪ እያሉ ነበር ክርስትና የሚያነሱት። ልጁ በቤት የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ከዦዜፍ ወይም ከማሪ ኋላ በሚመጣው ስም ነበር።

ስለዚህ የቀብር መዝገቡን እዩ። ዕድሜው «የሦስት ቀን» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ቄስ ሳይደርስ አዋላጇ ካጠመቀችው «ኦንድዋዬ» የሚል ቃል አለበት። ስም ሳይወጣለት የተቀበረው ደግሞ «አኖኒም» ይባላል። የክርስትና መዝገብ ብቻ የሚያገላብጥ ሰው እነዚህን ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የደብሩ መዝገብ ከተቃጠለ ወይም ገጹ ከተቀደደ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ከ1679 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁለት ቅጂ ይጻፍ ስለነበር፣ ሁለተኛው በመንግሥት በኩል ተርፎ ሊሆን ይችላል።