የሬዲዮው ድምፅ ለማን ጆሮ ይቃኝ?

ጎልቶ የተሰማ ጣቢያ አድማጭ ያገኛል የሚል እምነት በአካባቢ ሬዲዮ ስቱዲዮዎች ውስጥ ሥር ሰዷል። ጣቢያ የሚፈልግ ሰው ጆሮውን የሞላው ድምፅ ላይ ይቆማልና የኦዲዮ ፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያዎች እስከ ጫፋቸው ይገፉ ይባላል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በቴክኒሻንነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ትእዛዝ ተቀብዬ ፈጽሜያለሁ፤ ዛሬ ግን አካሄዱ ስህተት እንደነበር፣ የጎዳውም አማርኛችንን መሆኑን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ።

ፕሮሰሰር የስቱዲዮውን ድምፆች በሚያቀላቅለው ሚክሰርና በማሰራጫው መካከል ተቀምጦ የድምፁን ከፍታ ደረጃ የሚያስይዝ መሣሪያ ነው። የኤፍኤም ማሰራጫ ሞገዱን ከመሐል ድግግሞሹ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ75 ኪሎ ኸርትዝ በላይ እንዲያወዛውዝ አይፈቀድለትም፤ ይህ ጣሪያ ለሁሉም ጣቢያ አንድ ነው። እንግዲህ አንዱ ከሌላው ጮኾ የሚሰማው ጣሪያውን አንሥቶ ሳይሆን ወለሉን ወደ ጣሪያው አስጠግቶ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ዝግ ያለውን ድምፅ ያነሣል፣ ሊሚተሩና ክሊፐሩ ደግሞ የጎላውን ጫፍ ይቆርጣሉ።

የሚቆረጠው ጫፍ ምን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጰን ስንናገር አየሩ ለአፍታ ታፍኖ ድንገት ይፈነዳል፤ «መጣ»ን ከ«መታ» የምንለየው በዚያች አጭር ፍንዳታ ነው። ክሊፐሩ ሲበዛ ፍንዳታው ይደነዝዛል። «ሪሊስ» የሚባለው፣ ኮምፕሬሰሩ የጎላ ድምፅ ካለፈ በኋላ ጫናውን እስኪለቅ የሚወስደው ጊዜ በጣም ሲያጥር ደግሞ ኮምፕሬሰሩ በቃላት መካከል ያለችውን ጸጥታ ፈጥኖ ያነሣና የጄኔሬተሩን ጉርምርምታ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የአንባቢውንም ትንፋሽ ከዜናው እኩል ያሰማል። በእኔ ግምት አድማጭ ምክንያቱን ሳያውቀው ደክሞት ሬዲዮውን የሚዘጋው በዚህ ነው።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኤፍኤም ማሰራጫ ከፍተኛ ድግግሞሾችን አጉልቶ ይልካል፣ ተቀባዩም በዚያው ልክ መልሶ ያወርዳቸዋል፤ በጊዜ መለኪያ የሚገለጸው የማጉሊያው መጠን በአውሮፓና በአፍሪካ 50፣ በአሜሪካ ደግሞ 75 ማይክሮሰከንድ ነው። በአንድ ጣቢያ ፕሮሰሰሩ ከፋብሪካ በመጣበት የ75 ቅንብር ለወራት ሲሠራ ኖሮ ሰ፣ ሸ እና ጸ ጆሮ ይወጉ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በከፍተኞቹ ድግግሞሾች ላይ 3 ዴሲቤል ተኩል ያህል ይደርሳልና። ጥፋቱ በማይክሮፎኑ ላይ ተላክኮ እስኪቀየር ድረስ ማንም ያንን አንድ ቁጥር አልተመለከተም።

በእርግጥ ሞገዱ ደክሞ በሹክሹክታ መሰል ጫጫታ በሚሰማበት ቦታ መጠነኛ ማጉላት ይረዳል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን ደጋ የተነሣ ሞገድ ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የሚጋርደው ተራራ ነው፤ ተራራን ደግሞ የትኛውም ፕሮሰሰር አይገፋውም። ለዚያ መፍትሔው የማሰራጫው ቦታ፣ የአንቴናው ከፍታና ሞገዱን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ደጋሚ ጣቢያ ነው።

በሁዳዴ በገና ሲሰማ ደግሞ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። የበገና አውታር ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ በምትገባው ቁራጭ ቆዳ የተነሣ እየነዘረ ይጮኻል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ይሞታል፤ ደርዳሪውም ቃሉን በለሆሳስ የሚያሰማው በዚያ መሐል ነው። ያለ ልክ የተገፋ ኮምፕሬሰር የሚሞተውን ንዝረት እያነሣ ከቃሉ ጋር ያስተካክለዋል፣ ጸሎቱም ከግርግር ይቆጠራል።

ስለዚህ የጣቢያ ኃላፊዎችን የምጠይቀው ቴክኒሻኑ በጥድፊያ ሳይሆን በትዕግሥት እንዲቃኝ ጊዜ እንዲሰጡት ነው። መጀመሪያ ከሚክሰሩ የሚገባው ድምፅ ይስተካከል፤ ቀጥሎ በአንድ ጊዜ አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ይነካና ውጤቱ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይደመጥ። ማድመጡም በስቱዲዮው ትልቅ ስፒከር ብቻ ሳይሆን የመንዝ ገበሬ በሚይዛት ባለ አንድ ስፒከር ሬዲዮና በእጅ ስልክ ይሁን። የዛሬ ፕሮሰሰሮች በርካታ ቅንብሮችን አስቀምጠው በሰዓት መቀየር ስለሚችሉ፣ ለጠዋቱ ዜና አንድ፣ ለሌሊቱ በገና ሌላ ቅንብር ማዘጋጀት ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።