ሦስት ፍሬ አሞክሳሲሊን

ሁለቴ አስነጥሼ ሳልጨርስ ጎረቤቴ እትዬ ሦስት ፍሬ አሞክሳሲሊን በሶፍት ጠቅልለው ከች አሉ። «እንካ ልጄ፣ እኔን በሁለተኛው ቀን ነው ያስነሳችኝ፤ ሲሻለኝ የተውኳት ናት።» ጉንፋን እኮ ነው እትዬ! ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ቫይረስን ንክች አያደርገውም። ማን ሰምቶ።

እኛ ሰፈር ማዋስ ክብር ነው። መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ። መሰላሌ ከአምና ክረምት ጀምሮ ሰው በረንዳ ላይ ነው። ታችኛው እርከን ላይ ያሰርኩት ቀይ ሽቦ እንኳ አልተፈታም፤ ካልሲ ይሰጣበታል። ስጠይቅ «ውይ፣ ላመጣልህ ስል እኮ ነው!» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱስ አንድ ቀን ይቀደዳል፣ ይህ ሰውዬ ግን በምን ይላቀቃል?

ባክቴሪያዎች ይህ ጣጣ የለባቸውም። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ ዘረ መል እንደሚቀባበል ተመራማሪዎቹ ጆሹዋ ሌደርበርግና ኤድዋርድ ቴተም በፈረንጆቹ 1946 አሳይተዋል። ሰጪው እንደ ክር የቀጠነ ነገር ዘርግቶ ተቀባዩን ይጠጋዋል፤ ከዚያ ፕላዝሚድ ከሚባለው፣ ዘረ መል ከያዘው ባለ ሁለት ዘርፍ ክብ ዲኤንኤ አንዱን ዘርፍ ያሳልፍለታል። ሁለቱም የጎደለውን ገልብጠው ይሞላሉ። ተቀባዩ አገኘ፣ ሰጪውም አልጎደለበት። መሰላል አውሶ መሰላሉ ከቤት አለመውጣቱ!

ከሟችም ይወርሳሉ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ግሪፊዝ በ1928 የማይገድል የሳንባ ምች ባክቴሪያ በሙቀት ከሞተ ገዳይ ዘመዱ ጋር ቀላቅሎ አይጦች ወጋ። አይጦቹ ሞቱ፤ የማይገድለው የሟቹን ገዳይነት ወርሶ ነበር። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ ያለ ወንድማማች ኩርፊያ ውርሱ ተጠናቀቀ። እኛ ቤት በአንድ ቁም ሳጥን ስንት ዓመት ተኮራርፈናል!

የሚያናድደው ግን የሚቀባበሉት ነገር ነው። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ በአንዴ አራት ዓይነት መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ተገኘ። ሲጣራ ይህ መላ ከኢ. ኮላይ ወደ ሺጌላ ጥቅሉን ይተላለፋል። ስም መመሳሰል እንኳ አይጠይቁም! እንግዲህ እኔ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ብውጥ ጉንፋኑ ይስቃል፤ አንጀቴ ውስጥ ያሉት ምስኪኖች ያልቃሉ፣ መድኃኒቱን የተላመዱት ሰፊ ቦታ ያገኛሉ፣ ያወቁትንም ላገኙት ሁሉ ያድላሉ። ይህ ቸርነት ነው? እትዬስ ለደግነታቸው ነው፤ ማዘዣ ሳይጠይቅ «ስንት ፍሬ ልስጥዎት?» የሚለው ባለ ነጭ ጋወን ግን ምን ይባላል?

እሱን ሌላ ቀን። አሁን ጣራዬ እያፈሰሰ ነው፣ መሰላሌን ልለምን መሄዴ ነው።