ባንኮክን በጀርባ የማየት ጥበብ

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን ከባንኮክ ተመለሰ። እንኳን ደህና ገባህ ልንለው ተሰበሰብን። ቡናው ገና ሳይፈላ ስልኩ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ያልደረሰበት የለም። የወዳጃችን ፊት በቤተ መንግሥት በር ላይ። የወዳጃችን ፊት በወንዝ ዳር። የወዳጃችን ፊት በአንድ ትልቅ ነገር አጠገብ። ነገሩ ምን እንደሆነ እንዳናይ ትከሻው ከልሎታል። አንዲት የዋህ እንግዳ "ቤተ መንግሥቱ ውስጡ ምን ይመስላል?" ብላ ጠየቀች። ወዳጃችን ትንሽ አሰበ። "ቆይ ላሳይሽ" አለና ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ይገፋ ጀመር። እዚያ የቆመው እሱ ነው። ያየው ግን ስልኩ ነው።

ሌላው ሰው ተሰላቸ። እኔ ግን አደነቅኩ። ይህን የመሰለ ጥበብ እስከ ዛሬ አንድ እንኳ አመስጋኝ አለማግኘቱ ያሳዝናል።

እስቲ አስቡት። የድሮ መንገደኛ ሞኝ ነበር። አገር ሊያይ ሄዶ አገር ያይ ነበር! ዓይኑን ይዞ ሄዶ ዓይኑን ይዞ ይመለሳል። ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው የለውም። የዛሬው ነቅቷል። በአየር ላይ ሌሊቱን ሲንገላታ ያድራል፣ ያጠራቀመውን ይከሰክሳል፣ በዚያ ሙቀት ላቡ እየተንቆረቆረ ከሐውልቱ ሥር ይደርሳል። ልክ ሲደርስ ዞር ብሎ ጀርባውን ይሰጠዋል።

በነገራችን ላይ ባንኮክ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለችም። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። የታመመ ለሕክምና ይሄዳል። ነጋዴው ፕራቱናም ገብቶ ልብስ በጅምላ ይጭናል። ሱኩምቪት ላይ ናና በሚባለው ሰፈር አማርኛ ጆሮህ ውስጥ ቢገባ አይግረምህ። እነዚህ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ አልነካቸውም። እኔ የማወድሰው "እኔ እንኳ ልጎበኝ ብቻ ነው የመጣሁት" የሚለውን ነው። ስሙን አልጠራም። ጀግናችን እንበለው።

ጀግናችን ጉዞውን የሚጀምረው ከታላቁ ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ መዲናቸውን ከወንዙ ማዶ አሻግረው እዚህ ሲተክሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1782 ያስጀመሩት ግቢ ነው። ለውጭ ሰው መግቢያው 500 ባህት ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግድ ነው። ጀግናችን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያሟላል። ችግር የሚመጣው በግቢው ውስጥ ያለው የመረግድ ቡድሃ መቅደስ ጋ ሲደርስ ነው። ታይላንዶች ከምንም በላይ የሚያከብሩት ምስል ይህ ነው። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ወቅት በተለወጠ ቁጥር፣ ልብሱ ይቀየርለታል። ቀያሪው ንጉሡ ናቸው። ታዲያ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ጀግናችን ስልኩን ኪሱ ከተተ። እጆቹ ሥራ ፈቱ። የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠፋው። ቀና ሲል ከፍ ካለው መንበር ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር አየ። "ይቺው ናት?" አለና ወጣ። ደጅ ላይ ላገኘው ሌላ ጎብኚ ወንድማዊ ምክር ለገሰው፦ "እዚያ እንኳ አትግባ፣ ምንም የለም።" እውነቱን ነው። ፎቶ ካልተነሣ ነገሩ የለም ማለት ነው።

ጎብኚውን ዓይን ዓይኑን የሚያይ ሰው ባንኮክ ውስጥ የለም እንዳትሉ። አለ። ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውጭ ቆሟል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ እንግሊዝኛው የሚያባብል ነው። "አይ ወንድሜ፣ ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው። ግን አታስብ፣ በ20 ባህት ከተማውን የሚያዞርህ ቱክቱክ አለ" ይላል። ቱክቱኩ፣ ማለትም የእነሱ ባጃጅ፣ ጀግናችንን ጭኖ አንዴ የከበረ ድንጋይ ሱቅ፣ አንዴ ሱፍ ሰፊ ቤት ያራግፈዋል። ይህ ማታለያ ዕድሜ ጠገብ ነው። ፀሐይ የሞቀው ነው። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ ከጀርባው ነው! በሩ ክፍት ነው። ሕዝቡ ትኬት ይዞ ይግተለተላል። አንገቱን አንዴ ቢያዞር ያየው ነበር። ግን ጀርባ ያለን ነገር አንገት አዙሮ ማየት ከጥበቡ ሕግ ውጭ ነው።

የጥበቡ ቁንጮ ግን ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ነው። እዚህ ጋ ታገሡኝ። ይህን ሳልጨርስ ወደየትም አልሄድም።

ዋት ፖ ውስጥ የተጋደመ ቡድሃ አለ። ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ከፍታው 15 ሜትር ነው። ገላው በሙሉ በስስ ወርቅ ተለብጧል። ውስጥ እግሩ ብቻ ከሁለት ሰው ቁመት ብዙ አያንስም፤ በሚያብረቀርቅ ዛጎል የተሠሩ 108 ምልክቶች አሉበት። አዳራሹ ለቡድሃው በልክ የተሰፋ ይመስላል። ዙሪያው ጠባብ ነው፣ ዓምድ በዓምድ ነው። ቆመህ ሙሉውን አታየውም። ከራስጌው ተነሥተህ እየተራመድክ፣ እየቆምክ፣ እያንጋጠጥክ ነው ወደ ግርጌው የምትደርሰው። የሠሩት ሰዎች ሰው እግር አለው ብለው አስበዋል። ሰልፊ የሚባል እንደሚመጣ ማን ይንገራቸው!

ጀግናችን ሙሉውን ቡድሃ፣ ከነራሱ፣ በአንድ ፎቶ ፈለገ። ስልኩን ለባለቤቱ ሰጠ።

"ገባ?"

"ማን?"

"ቡድሃው ነዋ!"

"ጭንቅላቱ ገብቷል።"

"እግሩስ?"

"እግሩ እኮ እዚያ ማዶ ነው።"

"ወደ ኋላ ሂጂ!"

ባለቤቱ ወደ ኋላ ሄደች። ጀርባዋ ግድግዳ ነካ። "ከዚህ በላይ መሄጃ የለኝም" አለች። አሁን ፓኖራማ ተሞከረ። ስልኩ ከራስጌ ወደ ግርጌ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ በመሐል ባንዲራ የያዘች አስጎብኚ ሠላሳ ሰው አስከትላ አለፈች። ፎቶው ሲወጣ ቡድሃው ሁለት አፍንጫ ኖረው። አንድ አዛውንት ቱሪስት አንገት አልባ ሆኑ። ጀግናችን ራሱ ሦስት እጅ አወጣ። "ድገሚው" አለ። ተደገመ። ሊደገም ሲል ስልኩ ሞላ። ስለዚህ እዚያው፣ መተላለፊያው መሐል፣ ቆመው ማጥፋት ጀመሩ። የልጃቸው ልደት ቪዲዮ ጠፋ። የአክስቱ ልጅ ሰርግ ጠፋ። "ይሄስ የአባዬ ድምፅ አይደል?" ስትለው "ቤት ስንደርስ ይፈለጋል" አላት።

ቦታ ተገኘ። ሐሳብም ተገኘ። ቡድሃው ካልገባለት እሱ እንደ ቡድሃው ይሆናል! ወለሉ ላይ በጎኑ ተጋደመ። ጭንቅላቱን በመዳፉ ደገፈ። እግሩን ዘረጋ፤ በቀጥታ ወደ ምስሉ። በታይላንድ ውስጥ እግርን ወደ ቡድሃ መዘርጋት ምን ያህል ነውር እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዘበኛው መጣ። አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ እጁን ከታች ወደ ላይ ያነሣል።

"ተነሣ እያለህ ነው" አለች ባለቤቱ።

"እየተነሣሁ እኮ ነው!"

አላለቀም። ከቡድሃው ጀርባ፣ በግድግዳው ርዝመት፣ 108 የነሐስ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። ሃያ ባህት ሰጥተህ የሳንቲም ኩባያ ትቀበላለህ፤ በየሳህኑ አንዳንድ እየጣልክ ታልፋለህ። ለበጎ ዕድል ነው። ድምፁ በአዳራሹ ሁሉ ይሰማል። ጀግናችን ይህን በቪዲዮ ፈለገ፤ ያለ ምንም መቆራረጥ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ከግማሽ አለፈ። ስልኩ ጮኸ። ከአዲስ አበባ የዕቁብ ጸሐፊው ነው። ቪዲዮው ተቋረጠ። ጀግናችን ዕቁቡን ጨርሶ "ከመጀመሪያው!" አለ። ሳንቲሙ ግን አልቋል። እዚህ ላይ የማደርገውን ምስጋና ልብ በሉልኝ፦ የጣለውን ሊለቅም እጁን ሳህኑ ውስጥ ሰደደ። ዕድሉን መልሶ አወጣ ማለት ነው።

ከኋላው አንዲት ባልቴት ቆመዋል። ሳንቲማቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ተራ ይጠብቃሉ። ጀግናችን አያቸውና ለባለቤቱ "እሳቸውም ይግቡ፣ ያምራል" አለ። ፍላሹ ፊታቸው ላይ ቦግ አለ።

እኚህ ሴት ሊጸልዩ ነው የመጡት። ለታመመ ልጅ ይሁን፣ ለሞተ ባል ይሁን፣ ማን ያውቃል። የማንም ፎቶ ማጀቢያ ሊሆኑ አልመጡም። ይህ ብልግና ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም። የሚያናድደኝ ደግሞ እኛ ሳናውቅ ቀርተን አለመሆኑ ነው። ላሊበላ ላይ፣ ጃንሜዳ ላይ፣ ነጠላዋን ተከናንባ የምታነባ እናት ፊት ላይ ካሜራ የሚደቅነውን ፈረንጅ ስንት ዘመን ስንረግመው ኖርን! እኛም ጫማ አውልቀን ነው ቤተ ክርስቲያን የምንገባው። ባንኮክ ስንደርስ ከጫማችን ጋር ይሉኝታችንንም ደጅ አውልቀን እንድንገባ የፈቀደልን ማን ነው?

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ዋት ፖ ውስጥ ሦስተኛው ራማ ያስቀረጿቸው የድንጋይ ጽሑፎች አሉ። ከ1,400 ይበልጣሉ። ሕክምናው፣ ግጥሙ፣ ታሪኩ፣ የመታሸት ጥበቡ ሳይቀር ለማንም አላፊ አግዳሚ እንዲነበብ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ዩኔስኮም በዓለም የትውስታ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ጀግናችን ለዚህ ቅርስ ያለውን ክብር በተግባር አሳይቷል። ፓወር ባንኩን አስደግፎበታል።

ጉዟቸውን በቪዲዮ የሚተርኩልንንም አልረሳም። "ሰላም ውድ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ያለሁት ባንኮክ ነው!" ይላል አንዱ በወንዙ ጀልባ ላይ ቆሞ። "እንደምታዩት..." ይቀጥላል። የምናየው አፍንጫውን ነው። ከአፍንጫው በስተግራ ዋት አሩን ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ያ ከቻይና በመጣ የሸክላ ስባሪና በዛጎል ከላይ እስከ ታች ያጌጠ ግንብ። "እንደምታዩት በጣም ያምራል" ይለናል። አፍንጫው ክፉ አይደለም። ለአፍንጫው ግን ይህን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ሳሪስም ይታያል።

በቻይናዎቹ ሰፈር ዋት ትራይሚት የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ ያለው ቡድሃ አምስት ቶን ተኩል ወርቅ ነው። ለረጅም ዘመን በኖራ ተለስኖ ስለኖረ ማንም ወርቅነቱን አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ አዲስ ሕንፃ ሲያዛውሩት ወደቀ፣ ልስኑ ተሰነጠቀ፣ ከውስጡ ወርቁ አበራ። ሠራተኞቹ ያዩት ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ስለነበር ነው። ያን ቀን ጀግናችን እዚያ ቢኖር ኖሮ፣ ወርቁ ከኋላው ወድቆ፣ ተሰንጥቆ፣ አብረቅርቆ፣ እሱ "ኤጭ፣ ብርሃኑ ተበላሸ፣ ድገሚው" ይል ነበር። አበው የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ። አበው ላይክ ሲቆጠር አላዩም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ሜክሎንግ አለ። ገበያው የተዘረጋው በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ባቡሩ በቀን ደጋግሞ ያልፋል። ፊሽካው ሲሰማ ሻጮቹ የጥላቸውን ጨርቅ ያጥፋሉ፣ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ፤ ባቡሩ ጎመኑን ሊነካው ምንም ሳይቀረው ያልፋል፤ ጥላው ተመልሶ ይዘረጋል። ይህ የዕለት እንጀራቸው ነው። ጀግናችን ሐዲዱ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ስልኩ፣ ጀርባው ወደ ባቡሩ። የሚመጣን ባቡር በጀርባ ማየት የዚህ ሙያ ዶክትሬት ነው። ዓሣ ሻጯ መጀመሪያ ቅርጫቷን ወደ ውስጥ ትጎትታለች። ከዚያ እሱን ትጎትታለች። ዓሣ ግን ከእሷ አይገዛም። አመስግኗት እንደሆነ ለማወቅ ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ልብ አላላትም። "አያችሁ እንዴት አደገኛ እንደሆነ!" እያለ ለእኛ ያወራል።

ወዳጃችን በሚቀጥለው ዓመት ኳላ ላምፑር ሊሄድ ነው። መንትያ ሕንፃዎቹ 452 ሜትር ናቸው። ከነሰውዬው በአንድ ፎቶ እንዲገቡ ከተፈለገ ፎቶ አንሺው አስፋልት ላይ በጀርባው መተኛት አለበት ተብሏል። ባለቤቱ ከአሁኑ ስስ ፍራሽ እያፈላለገች ነው።